ሂዴዮ ኖጉቺና የደም ምስክርነት

የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ከሙያችን ክልል ውጭ ስለሚገኝ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ አንድ የላቦራቶሪ ሐኪም ለመጻፍ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎሬ በማሻ አድርጎ ወደ ቴፒ በሚወርደው መንገድ ላይ የአፈር ምርመራ ሥራ ተመድቤ ነበር። በማሻ ከተማ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የሆኑት አዛውንት አንድ ማታ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ክፍሌ መጥተው የታጠፈች ወረቀት አሳዩኝ። ወረቀቷ ከአንድ ላቦራቶሪ የተሰጠች የደም ምርመራ ውጤት ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ልጃቸው ትምህርቱን ካቋረጠ ወዲህ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እየሰማ፣ ከሰው እየሸሸ፣ ሌሊቱን በእንሰቱ መካከል ሲዞር ያድር ነበር። ለምርመራ ወስደውት የደሙ ውጤት በየረድፉ ደኅና ሆኖ ተገኘ። አዛውንቱ ወደ እኔ የመጡት ቁጥር የሚያነብ ሰው ነው ብለው በማመን ነው። ሊጠይቁኝ የፈለጉትም፣ ደሙ ንጹሕ ከሆነ ልጁ በሽተኛ ሳይሆን ሰነፍ ወይም የተረገመ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው ወይ የሚል ነበር። በዚያች ምሽት የሚገባውን መልስ ልሰጣቸው አልቻልሁም። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው የዘገየ መልስ ነው።

ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን የአእምሮ ሕመም በደም ምርመራ ለይቶ ማወቅ ይቻል እንደ ሆነ ለመረዳት ባነበብኋቸው ጽሑፎች ውስጥ፣ የነገሩን ሥር ስከተል የደረስሁት ወደ ጃፓናዊው ሐኪም ወደ ሂዴዮ ኖጉቺ ነው። ይህ ሰው ከብዙዎቹ የእብደት ዓይነቶች የአንዱን መንሥኤ በዓይን እንዲታይ ያደረገ፣ በኋላም በዚያው አጉሊ መነጽርና በዚያው ትጋት ስቶ በአፍሪካ ምድር ሕይወቱን ያጣ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

ኖጉቺ የተወለደው በ1876 ዓ.ም. ኅዳር ወር በጃፓን ሰሜናዊ ክፍል፣ ፉኩሺማ በሚባለው አገር፣ በኢናዋሺሮ ሐይቅ አጠገብ በሚገኝ የገበሬዎች መንደር ነው። የሕፃንነት ስሙ ሴሳኩ ይባል ነበር። አባቱ በመጠጥ የተሸነፈ ስለ ነበረ የቤቱ ሸክም የወደቀው በእናቱ በሺካ ላይ ነው። ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ እናቱ በሥራ ላይ ሳለች ከቤቱ መካከል ባለው ምድጃ ውስጥ ወድቆ ግራ እጁ ተቃጠለ። ጣቶቹም እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ቀሩ። በገበሬ ቤት እርፍና ማጭድ መያዝ የማይችል ልጅ ምን ተስፋ እንደሚኖረው የአገራችን ሰው ያውቀዋል። ሺካ ግን ልጇ በእጁ መብላት ካልቻለ በአእምሮው ይብላ ብላ ወሰነች፤ ቀን በእርሻ፣ ሌሊት በሐይቁ ዳር እየሠራችና ሸክም እየተሸከመች አስተማረችው።

ልጁ በትምህርት ቤት የላቀ በመሆኑ መምህራኑና የክፍል ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ በ1892 ዓ.ም. በአሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ካናዬ ዋታናቤ የተባለ ሐኪም የተጣበቁትን ጣቶቹን በቀዶ ሕክምና አላቀቀለት። እጁ ሙሉ በሙሉ ባይድንም ዕቃ ለመያዝ በቃ። ኖጉቺ ሐኪም የመሆን ምኞት ያደረበት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ሐኪም ቤት ተላላኪና ደቀ መዝሙር ሆኖ የውጭ ቋንቋዎችን አጠና። በ1896 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ሄዶ በሚቀጥለው ዓመት የሐኪምነት ፈተና አለፈ። ይሁን እንጂ ይህ ወጣት እንከን የሌለበት ሰው አልነበረም። ገንዘብ አያያዝ ፈጽሞ አያውቅም፤ የተበደረውን በግብዣና በመጠጥ ይጨርሰው ነበር። በአንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ ከእርሱ ስም ጋር የተቀራረበ አባካኝ የሕክምና ተማሪ ተጽፎ ቢያገኝ ደንግጦ የገዛ ስሙን ለወጠና ሂዴዮ ተባለ።

በቶኪዮ በታላቁ የተሕዋስያን ሊቅ በሺባሳቡሮ ኪታሳቶ ተቋም ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በ1899 ዓ.ም. ሳይመን ፍሌክስነር የተባለው አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ጃፓንን ሊጎበኝ መጣ። ኖጉቺም በአስተርጓሚነት ተመደበለት። እንግዳው ምናልባት ለጨዋነት ብሎ የተናገረውን የማበረታቻ ቃል ኖጉቺ እንደ ጥሪ ቆጥሮት፣ በ1900 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ማንም ሳይጠብቀው ፊላዴልፊያ በሚገኘው በፍሌክስነር በር ላይ ቆመ። ፍሌክስነርም ሊመልሰው ስላልቻለ የእባብ መርዝ በደም ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲያጠና ሥራ ሰጠው። ኖጉቺ ከደም ጋር የተዋወቀው እንዲህ ነው። የመርዝ ጠብታ የደም ሕዋሳትን እንዴት እንደሚያፈርስ፣ በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ንጥረ ነገሮችም እንዴት እንደሚቋቋሙት ሲያጠና ዓመታት አሳለፈ። በኮፐንሃገን ጥቂት ጊዜ ከተማረ በኋላ በ1904 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አዲስ በተቋቋመው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ተቀጠረ።

የኖጉቺን ዋና ሥራ ለመረዳት የዚያን ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩት የእብዶች መኖሪያዎች በልዩ ልዩ ሕሙማን የተጨናነቁ ነበሩ። ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሕሙማኑን በሕመማቸው አካሄድ እየለየ ይመድብ ነበር። እርሱ ከለያቸው ክፍሎች አንዱን ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር በ1908 ዓ.ም. ስኪዞፍሬኒያ ብሎ ሰየመው። ከእነዚህ ጋር በአንድ አዳራሽ የሚኖሩ ሌሎች ብዙ ሕሙማን ደግሞ ነበሩ። እነዚህ በጎልማሳነታቸው ጠባያቸው ይለወጣል፤ ንጉሥ ነን፣ ባለጸጋ ነን ይላሉ፤ ምላሳቸው ይተሳሰራል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሽባ ሆነው ይሞታሉ። ሕመሙ ጄኔራል ፓሬሲስ ይባል ነበር። ከቂጥኝ ጋር ዝምድና እንዳለው የጠረጠሩ ነበሩ፤ ከባሕርይ መበላሸት ወይም ከዘር ነው የሚሉም አልጠፉም። ማስረጃ ግን አልነበረም።

በ1905 ዓ.ም. ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ጀርመናውያን የቂጥኝን ጠመዝማዛ ተሕዋስ አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት አውጉስት ፎን ቫሰርማን ከባልደረቦቹ ጋር ቂጥኝን በደም የሚለይ ምርመራ አወጣ። ኖጉቺ ይህን ምርመራ አሻሽሎ ለሐኪሞች የሚቀል አደረገው፤ በ1910 ዓ.ም. ስለዚሁ ዘዴ መጽሐፍ አሳተመ። በጄኔራል ፓሬሲስ የተያዙ ሰዎች ደም ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን ያሳይ ጀመር። ነገር ግን በደም ውስጥ ምልክት መገኘቱ ብቻ መንሥኤውን አያረጋግጥም፤ ሰውየው ቀድሞ ቂጥኝ ይዞት የነበረ፣ እብደቱ ግን ከሌላ ነገር የመጣ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ኖጉቺ በዚሁ ሕመም የሞቱ ሰዎችን አንጎል በስስ እየከተፈ በልዩ ቀለም እያቀለመ መመርመር ጀመረ። በ1913 ዓ.ም. ከባልደረባው ከሙር ጋር ከመረመራቸው 70 ያህል አንጎሎች መካከል ከ10 በሚበልጡት ውስጥ ተሕዋሱን ራሱን አገኘው። አንድ የእብደት ዓይነት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከደም እስከ አንጎል ድረስ፣ በሥጋዊ ምክንያቱ ተገለጸ። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ለሕክምና በዋለ ጊዜም ይህ ሕመም ሊድንና ሊከላከሉት የሚቻል ሆነ፤ እነዚያ አዳራሾችም ከዚህ ዓይነት ሕሙማን እየተራቆቱ ሄዱ።

በደም አማካይነት የአእምሮ ሕመምን መለየት ይቻላል የሚለው ተስፋ ትልቅ ድጋፍ ያገኘው ከዚህ ድል ነው። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ተመራማሪዎች ሁሉ በስኪዞፍሬኒያም ላይ ይህንኑ ለመድገም ተመኝተዋል። ነገር ግን የቫሰርማን ምርመራ ራሱ ለመሐንዲስ የሚጠቅም ሌላ ትምህርት አለው። ፈልሳፊዎቹ የቂጥኙን ተሕዋስ የሚለኩ መስሏቸው በበሽታው ከተጎዳ የሰው ጉበት የተገኘ ጭማቂ ይጠቀሙ ነበር። ቆይቶ ግን የጤነኛ በሬ ልብ ጭማቂም ያንኑ ውጤት እንደሚሰጥ ታወቀ። መሣሪያው ይሠራል፤ የሚለካው ግን ይለካል የተባለውን አልነበረም። በመሆኑም ወባና የሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ቂጥኝ አለባቸው ተባለ። ወባ በበዛበት ቆላ ይህ ስሕተት በስንት ትዳር ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። እኛም በማሻ ቀይ አፈር ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተናል። አንዳንድ የሞቃት አገር አፈሮች በምድጃ ከደረቁ በኋላ ሲለኩ ባሕርያቸው ይለወጣል፤ ሚዛኑ ሳይዋሽ ውጤቱ ያሳስታል።

ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ የኖጉቺ ዝና በዓለም ናኘ፤ ስሕተቱም አብሮት አደገ። የቂጥኝን ተሕዋስ ከሰውነት ውጭ ንጹሕ አድርጌ አራባሁ ብሎ አስታወቀ፤ ሌሎች ግን ሊደግሙት አልቻሉም። ሉዌቲን ብሎ የሰየመውን የቆዳ ምርመራ ሲሞክርም በሽታው በሌለባቸው የሆስፒታል ሕሙማንና ወላጅ አልባ ሕፃናት ላይ ጭምር ያለ ፈቃዳቸው ወጋ። የሞተ ተሕዋስ ስለ ሆነ አይጎዳም የሚል መከላከያ ቀረበለት። ቢሆንም ድርጊቱ በዚያው ዘመን በኒው ዮርክ ጋዜጦች ላይ ከባድ ወቀሳ አስነሥቷል፤ ዛሬም የምርምር ሥነ ምግባር ሲነገር በመጥፎ ምሳሌነት ይጠቀሳል። ድሃ መንደር አዋጥቶ እጁን ያስፈታለት ሰው የድሃ ልጆችን ክንድ ሳይጠይቅ መውጋቱ በሕይወቱ ታሪክ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው።

እናቱ ሺካ በዚህ ጊዜ በመንደሯ ብቻዋን ታረጅ ነበር። ፊደል ያልቆጠረችው ሴት በስተርጅናዋ የልጅነት ፊደሎችን አስታውሳ፣ በተሰባበረ ጽሕፈት ልጇ እንዲመለስ የምትለምን ደብዳቤ በ1912 ዓ.ም. ላከችለት። ደብዳቤዋ ዛሬም በጃፓን ተጠብቆ ይገኛል። ኖጉቺ በ1915 ዓ.ም. አገሩ ገብቶ እናቱን ይዞ ጥቂት ቦታዎችን ካስጎበኛት በኋላ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ አላያትም። በ1918 ዓ.ም. ሞተች።

በዚያው ዓመት ኖጉቺ ወደ ኢኳዶር ተላከ። ቢጫ ወባ የጓያኪልን ወደብ ይፈጅ ነበር። እዚያ በደረሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሕሙማን ደም ሌፕቶስፒራ የሚባል ጠመዝማዛ ተሕዋስ አገኘና የቢጫ ወባ መንሥኤ ይህ ነው ብሎ አስታወቀ። ሮክፌለር ተቋምም በዚሁ መሠረት ክትባትና መድኃኒት አዘጋጅቶ አከፋፈለ። ኖጉቺ ዕድሜውን በሙሉ ጠመዝማዛ ተሕዋስ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው፤ በጓያኪልም ያገኘው ዓይኑ የለመደውን ነበር። በእውነቱ ያያቸው ብዙዎቹ ሕሙማን ቫይል የተባለው ሌላ በሽታ የያዛቸው ነበሩ፤ ይህም እንደ ቢጫ ወባ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል። በ1926 ዓ.ም. ማክስ ታይለርና ሴላርድስ የኖጉቺ ተሕዋስ ከቫይል በሽታ ተሕዋስ የማይለይ መሆኑን አሳዩ። እዚህ ላይ ለፍርድ ሚዛን ያህል መነገር ያለበት፣ በዚያው ጊዜ አካባቢ ኖጉቺ በፔሩ የሚታዩት የኦሮያ ትኩሳትና የቆዳ ኪንታሮቱ የአንድ ተሕዋስ ሁለት መልኮች መሆናቸውን ማረጋገጡ ነው። በዚህስ ትክክል ነበር።

በ1927 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች በዛሬይቱ ጋና አሲቢ ከተባለ ወጣት ደም ወስደው ሬሰስ በሚባሉ የእስያ ጦጣዎች ላይ ሞከሩት። ጦጣዎቹ ታመሙ፤ በደማቸው ውስጥ ግን በአጉሊ መነጽር የሚታይ ምንም ነገር አልተገኘም። መንሥኤው ከማጣሪያ የሚያመልጥ ቫይረስ ነበር። የሥራው መሪ ኤድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት መስከረም በሽታው ይዞት ሞተ። አሲቢ ግን ዳነ። ኖጉቺ ስሙን ለማዳን ወይም ስሕተቱን በገዛ እጁ ለማረጋገጥ በኅዳር አክራ ደረሰ። ወራት ሙሉ ቀንና ሌሊት በብዙ ጦጣዎች ላይ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ራሱ በቢጫ ወባ ተይዞ ግንቦት 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በ51 ዓመቱ ሞተ። ላቦራቶሪውን የፈቀደለትና ከሞተ በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ዶክተር ያንግም በዘጠኝ ቀን ተከተለው። ታይለር በኋላ ከአሲቢ ደም ከተገኘው ቫይረስ ዛሬም የሚሰጠውን የቢጫ ወባ ክትባት ሠርቶ በ1951 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ይህ ታሪክ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 ዓ.ም. በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በግምት 30,000 ሰው ገድሏል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። በሽታውን ካሠራጩት ትንኞች ዋነኛዋ የምትራባው የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ በሚለይበት ሥፍራ በሚጠራቀመው ውሃ ውስጥ ነበር። የሕዝቡ ምግብ ቆሞ የሚታደርበት ጓሮ የሞቱም መነሻ ሆነ። በዚያ ጊዜ ሕዝቡን ለመታደግ የተዘመተው፣ አስቀድሞ የኖጉቺን ስሕተት ስሕተት ነው ለማለት የደፈሩ ሰዎች ባስገኙት ክትባት ነው። በ2013 ዓ.ም. ዳግመኛ በደቡብ ኦሞ በሽታው ሲነሣ ክትባቱ ተሰጥቷል።

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ ልመለስ። ከኖጉቺ ድል ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ደም በየዘመኑ ተፈትሿል። በ1950ዎቹ ከሕሙማን ደም ልዩ ንጥረ ነገር አገኘን ያሉ ነበሩ፤ ሌሎች ሊደግሙት ስላልቻሉ ተረሳ። ባለፉት ዓመታት የብግነት ምልክት የሆኑ አንዳንድ ፕሮቲኖች በሕሙማን ደም ውስጥ በአማካይ ከፍ ብለው፣ ለአንጎል ሕዋሳት እድገት የሚረዱ ሌሎች ደግሞ በአማካይ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። አማካይ ግን ሰው አይደለም። የሕሙማኑና የጤነኞቹ ልኬቶች በሰፊው ይደራረባሉ፤ ትምባሆ፣ ውፍረት፣ የሚወሰደው መድኃኒትም ልኬቱን ይለውጡታል። እስከ ዛሬ ድረስ ስኪዞፍሬኒያ አለ ወይም የለም ብሎ የሚመሰክር፣ በሐኪሞች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ የደም ምርመራ የለም። ሐኪም ሕመሙን የሚለየው ሰውየውን በማነጋገር፣ ቤተ ሰቡን በመጠየቅና የሕመሙን አካሄድ በመከታተል ነው።

ጥሩ የሚመስል ምርመራ ቢገኝ እንኳ ለሁሉ ሰው ሊሠራ እንደማይችል በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው በተደረገው ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸው ከ1,000 ሰው ወደ 5 የሚጠጉ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ከ100 ሕሙማን 90ውን የሚያገኝ፣ ከ100 ጤነኞችም 90ውን ደኅና ናቸው የሚል ምርመራ አለን እንበል። 10,000 ሰው ብንመረምርበት ከ50ዎቹ ሕሙማን 45ቱን ያገኛል። ከ9,950ዎቹ ጤነኞች ግን 995ቱን ሕሙማን ናቸው ይላል። ታመሃል ከተባሉት 1,040 ሰዎች መካከል በእውነት የታመሙት 45 ብቻ ናቸው፤ ከ23 ሰው አንዱ ማለት ነው። የዕብድ ስም ከወጣበት በኋላ ማጠብ በሚያስቸግርበት አገር ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም።

ይህ ማለት ግን ደም ምንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። አእምሮው የተናወጠ ሰው በመጀመሪያ ሲታይ ቂጥኝ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን እጥረትና ሌሎችም የሚድኑ ምክንያቶች እንዳይኖሩበት ደሙን መመርመር ተገቢ ነው፤ ይህ የኖጉቺ ትሩፋት ነው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጎል ሲያጠቃ የሚያስከትለው አንድ ዓይነት እብደት ተለይቶ፣ ቀድሞ በስኪዞፍሬኒያ ስም ሊታለፉ ይችሉ ከነበሩ ሕሙማን ጥቂቶቹ በሕክምና ይድኑ ጀመር። ምናልባት ወደፊትም ከዚሁ ክምር አንድ በአንድ እየተለዩ የሚወጡ ይኖራሉ። ዛሬ ግን ንጹሕ ደም የሚነግረን ከታወቁት ምክንያቶች ጥቂቶቹ አለመኖራቸውን ብቻ ነው። ሕመሙ የለም አይልም።

በሚቀጥለው ዓመት በሥራ ምክንያት ወደ ማሻ ተመልሼ ይህንኑ በሚገባቸው ቋንቋ ለአዛውንቱ ነገርኋቸው። ከእኔ በፊት በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ አግኝተው ልጁ መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ድምፁ ፈጽሞ እንዳልተወው፣ ነገር ግን ሌሊት እንደሚተኛና ቀፎ ለመስቀል ከወንድሙ ጋር እንደሚወጣ ነገሩኝ። የዘጠኝ ወር ጊዜ እንደ ሰነፍ ቆጥረው የተናገሩት ቃል ግን እንደሚቆረቁራቸው አልደበቁም።

ኖጉቺ የተቀበረው በኒው ዮርክ ነው። ጋና ውስጥ በ1979 ዓ.ም. በስሙ የተመሠረተ የምርምር ተቋም አለ። ጃፓንም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ መልኩን በ1,000 የን ገንዘብ ላይ አትማው ነበር፤ በ2024 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ገንዘብ ላይ በእርሱ ፋንታ የገባው የቀድሞ አለቃው ኪታሳቶ ነው። እኛ መለኪያ ይዘን የምንውል የማኅበሩ አባላት ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ልንወስድ ይገባናል። በ1913 ዓ.ም. የተሳካለት የደሙን ምልክት እንደ መጨረሻ ማስረጃ ሳይቀበል እስከ አንጎሉ ድረስ ስለ ተከተለው ነው። በ1918 ዓ.ም. የሳተው የሚፈልገውን ባገኘ ጊዜ ፍለጋውን ስላቆመ ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ስንፈርም፣ በወረቀቱ ማዶ ውጤቱን የሚጠብቅ ድልድይ ብቻ ሳይሆን ሰውም እንዳለ እናስታውስ።